«ልጁ አይሰማም» ከማለትዎ በፊት

የመስማት፣ የሰሙትን የመረዳትና የትኩረት ችግሮችን እንዴት እንለያቸው?

ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ከሥራ ገብተዋል፤ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ ሽንኩርቱ ምድጃ ላይ እየተቁላላ ነው፤ ትንሿ ልጅዎ ሳሎን ውስጥ ትንጫጫለች። እርስዎ ከወጥ ቤት ሆነው ትልቁን ልጅዎን ይጣራሉ። «ጫማህን አውልቅ፣ እጅህን ታጠብ፣ ከዚያ የሒሳብ ደብተርህን ይዘህ ና!» ይሉታል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ልጁ ጫማውን እንዳደረገ፣ ከእጁ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ ያለ ደብተር በሩ ላይ ይቆማል። «እ? ምን አልሽኝ?» ይላል።

ቀጥሎ ምን ይሉታል? እኔ የምለውን ልንገርዎት። «ጆሮ የለህም እንዴ? ስንት ጊዜ ልናገር?» እል ነበር። አንዳንድ ቀን ከመናገር አልፌ ታብሌቱን እነጥቀው ነበር።

ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ይማራል። ባለፈው ዓመት በአንድ መንፈቀ ዓመት ውስጥ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ሦስት ጊዜ ተጻፈብኝ። «ትኩረት አይሰጥም»፣ «ሲጠራ አይሰማም»፣ «የታዘዘውን አይጨርስም» የሚሉ ነበሩ። ትምህርት ቤት ስጠራ አንዷ መምህርት በደግነት «ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚባለው ሊሆን ስለሚችል ቢያሳዩት» አለችኝ። ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ በስልክ «እዚህ ቢሆን እኮ እስካሁን መድኃኒት ተጀምሮለት ነበር» አለች። እናቴ ደግሞ «ተዪው ልጄን፤ ወንድምሽም እንዲህ ነበር» ብላ ዘጋችው። ሁሉም መልስ ነበረው። የልጁን ጆሮ ግን ማናችንም አላስመረመርንም ነበር።

አንድ ቀን አያቱ ቤት ሆነን ዝናብ ጣለ። «ጥላ አምጣልኝ» አልኩት። እሱ ቀጥታ ወደ አያቱ ሄዶ «እማዬ ጠላ ትፈልጋለች» አለ። ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ማታ ሳስተኛው «እማዬ፣ እኔ ደደብ ነኝ አይደል?» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ጥያቄ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ የምሠራ እናት ነኝ። በእኛ ሥራ አንድ ማስታወቂያ ደንበኛው ዘንድ ካልደረሰ መጀመሪያ ደንበኛውን አንወቅስም። መልእክቱ የት ላይ እንደጠፋ እንፈልጋለን። ለደንበኛ የማደርገውን ለልጄ ሳላደርግ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ከሐኪሞች የሰማሁትንና ያነበብኩትን፣ እርስዎ የእኔን ያህል እንዳይዘገዩ፣ እነሆ።

አንድ ቃል፣ ሦስት ችግር

በአማርኛችን «አይሰማም» የሚለው ቃል ብዙ ይሸከማል። ጆሮው የማይሰራውንም፣ ታዛዥ ያልሆነውንም፣ ልቡ ሌላ ቦታ ያለውንም ልጅ በአንድ ቃል «አይሰማም» እንላለን። ሆን ብሎ ዝም ያለውን ደግሞ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ» እንላለን። ችግሩ እነዚህ ልጆች ከውጭ ሲታዩ አንድ መምሰላቸው ነው።

መልእክትዎ ግን ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ሊጠፋ ይችላል። አንደኛ፣ ድምፁ ከጆሮ በትክክል ላይገባ ይችላል። ይህ የመስማት ችግር ነው። ሁለተኛ፣ ጆሮ በደንብ ሰምቶ፣ አእምሮ ድምፁን ለይቶ ማቀናበር ላይ ሊቸገር ይችላል። ባለሙያዎች በእንግሊዝኛው አሕጽሮት ኤ.ፒ.ዲ. ይሉታል። ሦስተኛ፣ ጆሮውም አእምሮውም ድምፁን ለመቀበል ብቁ ሆነው፣ ልጁ ቀልቡን እዚያው ላይ ማቆየት ሊያቅተው ይችላል። የትኩረት ችግር ወይም ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚባለው እዚህ ውስጥ ነው።

ሐኪሞችም ቢሆኑ በቀላሉ የሚለዩት ነገር አይደለም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ያወጣው ዲ.ኤስ.ኤም. 5 የተባለው መመሪያ ለትኩረት ማነስ ዘጠኝ ምልክቶችን ይዘረዝራል። ከዘጠኙ አንዱ «በቀጥታ ሲያናግሩት የሚያዳምጥ አይመስልም» የሚል ሐሳብ ነው። ይህ ምልክት ብቻውን ቢወሰድ ጆሮው በኩክ የተደፈነውንም ልጅ ይገልጸዋል። ስለዚህ ከአንድ ምልክት ተነስቶ ስም መስጠት ያሳስታል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሄልመር ማይክልበስት የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለድምፅ ምላሽ የማይሰጡ ሕጻናትን ችግር አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚረዳ መጽሐፍ ያሳተሙት በ1954 ነው። እሳቸውም ያሳሰቡት ድምፅን አለመስማት ብቻውን መልስ ሳይሆን መነሻ እንደሆነ ነው።

መጀመሪያ ጆሮ

የትኛውም ባለሙያ ዘንድ ቢሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቁት «የመስማት ምርመራ አድርጓል?» ተብለው ነው። ካልተጠየቁ እርስዎ ያንሱት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በልጆች ላይ መስማትን የሚቀንሱ ብዙ ነገሮች ይታከማሉ። አንዱ የተጠራቀመ የጆሮ ኩክ ነው። (በነገራችን ላይ ኩክን በክብሪት እንጨትም ሆነ በኮተን በድ ማውጣት ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ታምቡርም ሊጎዳ ይችላል። ለሐኪም ይተዉት።) ሌላው ከጉንፋን ወይም ከጆሮ ኢንፌክሽን በኋላ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ የሚጠራቀም ፈሳሽ ነው። ይህ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ አያምም፤ አያተኩስም። ልጁ ግን ሰው ጣቱን ጆሮው ውስጥ ሰክቶ የሚሰማውን ያህል ሊሰማ ይችላል። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ይሻለዋል፣ በሌላው ቀን ይብስበታል። እኛም «ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ አይሰማም» እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሹ በ3 ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ ካልጠፋ ግን ሐኪም ሊከታተለው ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 34 ሚሊዮን ሕጻናት የመስማት ችግር እንዳለባቸውና ከእነዚህ 60 በመቶ ያህሉ ሊከላከሉት በሚቻል ምክንያት የመጣ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ጆሮን መጀመሪያ ማየት ቅንጦት አይደለም።

ምርመራው አያስፈራም። ልጁ የጆሮ ማዳመጫ ያደርጋል፤ ቀጭንና ወፍራም ድምፆች እየቀነሱ ይሰጡታል፤ ሲሰማ እጁን ያነሳል ወይም ቁልፍ ይጫናል። ውጤቱ ኦዲዮግራም በሚባል ሰንጠረዥ ላይ ይሰፍራል። በሁለቱም ጆሮ 20 ዲሲቤል ወይም ከዚያ በታች የሆነ ድምፅ የሚሰማ ልጅ በአብዛኛው መስማቱ ጤነኛ ነው ይባላል።

ልጄን የወሰድኩት አንገት በላይ ስፔሻሊስት ዘንድ ነበር። በቀኝ ጆሮው ኩክ ተገኘ፤ ወጣ። ኦዲዮግራሙ በሁለቱም ጆሮ ጤነኛ ሆነ። ደስ አለኝ፤ ግን ችግሩ አልጠፋም።

ጆሮ ሰምቶ አእምሮ ሲቸገር

ኦዲዮግራም የሚለካው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ለአንድ የሚመጣ ድምፅን ነው። ሕይወት ግን እንደዚያ አይደለችም። ክፍል ውስጥ ከሃምሳ ልጅ ጉርምርምታ መካከል የመምህሯን ድምፅ መርጦ ማውጣት የሚጠበቅበት አእምሮ ነው። ድምፁ ከየት እንደመጣ መለየት፣ ተቀራራቢ ድምፆችን ማለያየት፣ የጎደለውን ቃል ከአውዱ መሙላትም የእሱ ሥራ ነው።

አማርኛችንን ብቻ ቢያስቡት ይገባዎታል። «ጠፋ» እና «ተፋ»፣ «ቀበረ» እና «ከበረ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። «ገና» ጠብቆ ሲነገር በዓሉ ነው፤ ላልቶ ሲነገር «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው። «አለ» ላልቶ «ተናገረ» ነው፤ ጠብቆ «ይገኛል» ነው። ሁለቱን የሚለየው የአንዲት ድምፅ የቆይታ ጊዜ ነው። እኛ ሳናስበው በሰከንድ ሽራፊ እንለያቸዋለን። የሰሙትን ማቀናበር የሚቸግራቸው ልጆች ግን፣ በተለይ ጫጫታ ባለበት፣ እዚህ ላይ ይደናቀፋሉ።

እንዲህ ያለ ልጅ ደጋግሞ «ምን?» ይላል፤ ተቀራራቢ ቃላትን ያምታታል፤ ሦስት ነገር ቢያዙት አንዱን ብቻ ይይዛል፤ ፈጥኖ የሚናገር ሰው ያደክመዋል፤ በቃል የተነገረን ቃል መጻፍ ይከብደዋል። ቀኑን ሙሉ ለመስማት ሲታገል ስለሚውል ከትምህርት ቤት ሲመለስ ተሟጦ ይደክማል ወይም ይነጫነጫል።

ይህን የሚመረምረው የመስማት ባለሙያ ማለትም ኦዲዮሎጂስት ነው። ፈተናዎቹ ከተራው ኦዲዮግራም ይለያሉ። በቀኝና በግራ ጆሮ በአንድ ጊዜ የተለያዩ ቃላት ይሰጡና ልጁ ሁለቱንም እንዲደግም ይጠየቃል፤ ከጫጫታ መካከል ዓረፍተ ነገር እንዲያወጣ ይደረጋል፤ በሁለት ድምፅ መካከል ያለች አጭር ዝምታን ያስተውል እንደሆነ ይታያል። አብዛኞቹ ፈተናዎች ከ7 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመከሩም፤ ያ የአእምሮ ክፍል ገና እያደገ ስለሆነ ውጤቱ ከልጅ ልጅ በጣም ይለያያልና።

አንድ ነገር በግልጽ ልንገርዎት። በዚህ ጉዳይ ባለሙያዎች ሙሉ በሙሉ አይስማሙም። የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር ራሱን የቻለ ችግር ነው ብሎ በ2005 ሰነድ አውጥቶበታል። ዲ.ኤስ.ኤም. 5 ግን ራሱን ችሎ አልዘረዘረውም። አንዳንዶች ብዙው ከትኩረትና ከቋንቋ ችግር የሚመጣ ነው ይላሉ። ስለዚህ «ልጅዎ ኤ.ፒ.ዲ. ነው፤ አለቀ» ብሎ በአንድ ቀጠሮ የሚደመድም ሰው ካጋጠመዎት ሌላ ባለሙያም ያማክሩ።

ቀልብ ሲበተን

ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. በአማርኛ የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር ይባላል። ብዙዎቻችን ዛፍ ላይ የሚንጠለጠል፣ ወንበር ላይ አፍታ የማይቀመጥ ቀዥቃዣ ልጅ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ምንም ሳይቅበጠበጥ ቀልቡ ብቻ የሚበተን ልጅም አለ።

የሥራ ባልደረባዬ ልጅ እንደዚያ ነበረች። ጨዋ ነች፤ ክፍል ውስጥ ዝም ብላ መስኮቱን ታያለች። «ፈዛዛ» ይሏት ነበር እንጂ ማንም አልጠረጠረም። ጆሮዋ ሲመረመር ጤነኛ ሆነ። ነገር ግን ቤትም ትምህርት ቤትም ዕቃ ትጥላለች፤ የጀመረችውን አትጨርስም፤ በጸጥታ የምትሠራውን የቤት ሥራ እንኳ ሁለት መስመር ጽፋ ታቆማለች። በባለሙያ ታይታ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ተባለች፤ ዛሬ ክትትሏን ይዛ በጥሩ ሁኔታ እየተማረች ነው። ሴት ልጆች ብዙ ጊዜ የሚታለፉት እንዲህ ስለማይረብሹ ነው። ይህን የምነግርዎት ጽሑፌ «የትኩረት ችግር የሚባል የለም» የሚል እንዳይመስልብኝ ነው። አለ፤ ሲኖርም ሕክምናው የልጅን ሕይወት ይለውጣል።

በመመሪያው መሠረት ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ለማለት ብዙ ነገር መሟላት አለበት። ልጁ ከትኩረት ማነስ ምልክቶች ወይም ከቅብጥብጥነት ምልክቶች ቢያንስ ስድስት ሊኖሩት ይገባል፤ ቢያንስ ለ6 ወራት የዘለቁ፣ ከ12 ዓመቱ በፊት የታዩ፣ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቦታዎች ማለትም ለምሳሌ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታዩ፣ ትምህርቱን ወይም ኑሮውን የሚጎዱ መሆን አለባቸው። ይህንን የሚለይ የደም ምርመራም ሆነ የራጅ ምርመራ የለም። ባለሙያው ከወላጅም ከመምህርም መረጃ ሰብስቦ ነው የሚወስነው። በአንድ የኮሙኒኬሽን ቡክ ማስታወሻ ሊወሰን የማይችለውም ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥ ምን ያስተውሉ?

እኔ የጀመርኩት በአንድ ተራ ደብተር ነው። ለሁለት ሳምንት፣ ልጄ «አልሰማም» ባለ ቁጥር የት እንደነበርን፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረና ምን እንዳልኩት ጻፍኩ። እርስዎም ይሞክሩት። የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይመልሱ።

1. ጸጥታና ጫጫታ ልዩነት ያመጣሉ? ቴሌቪዥኑን ያጥፉ፤ ፊት ለፊት ይቀመጡ፤ ሦስት ነገር ይዘዙት። ሦስቱንም ከፈጸመ፣ በጫጫታ ውስጥ ግን ከጠፋበት፣ ጥርጣሬው ወደ መስማት ወይም ወደ ማቀናበር ያዘነብላል። በጸጥታም ግማሽ መንገድ ላይ ረስቶ በሌላ ነገር ከተጠመደ ወደ ትኩረት ያዘነብላል።

2. ድምፅ በሌለበት ሥራ ላይ እንዴት ነው? ሥዕል፣ ፐዝል፣ በጸጥታ ማንበብ። የሰማውን ማቀናበር የሚቸግረው ልጅ እዚህ ብዙ ጊዜ ይረጋጋል። ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ «ጌም ላይ ሦስት ሰዓት ይቀመጣል» ማለት የትኩረት ችግር የለበትም ማለት አይደለም። ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ያለባቸው ልጆች ፈጣን ሽልማት ያለው ነገር ላይ ሊጣበቁ ይችላሉ። የሚፈትናቸው አሰልቺው ሥራ ነው።

3. ስህተቱ ምን ዓይነት ነው? «ጥላ» ሲባል «ጠላ» ብሎ የሚሄድ ልጅ ሰምቷል፤ ለመታዘዝም ተነስቷል፤ የሰማው ግን ሌላ ቃል ነው። ቃሉን በትክክል ደግሞ፣ መንገድ ላይ ድመት አይቶ የቀረ ልጅ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው።

4. መመሪያው ተጽፎ ወይም ተስሎ ቢሰጠውስ? በወረቀት ሲሆን ከተስተካከለ፣ መልእክቱ የጠፋው በጆሮ በኩል ነው ማለት ይቻላል። በወረቀትም ከተዘለለ ትኩረቱን ያስቡ።

5. ከመስማት ጋር በማይገናኙ ነገሮችስ? ተራ መጠበቅ፣ ዕቃ አለመጣል፣ የጀመሩትን መጨረስ፣ አፍታ መቀመጥ። እነዚህም አብረው ካሉ የትኩረት ምርመራ ያስፈልገዋል።

እነዚህ ጥያቄዎች ምርመራ አይደሉም። ለባለሙያው የሚሆን መረጃ ናቸው። ደግሞም ሁለቱ ችግሮች በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ስለዚህ አንዱን አገኘን ብለው ሌላውን አይርሱት።

የእኔ ደብተር ምን አለ? ከተጻፉት ውስጥ አብዛኞቹ «ወጥ ቤት»፣ «ታክሲ ውስጥ»፣ «ሰው ቤት»፣ «ቴሌቪዥን ተከፍቶ» የሚሉ ነበሩ። መኝታ ቤት ውስጥ ለሁለት ስንሆን የተጻፈ አንድም አልነበረም። ደብተሩን ስዘጋ ስንት ጊዜ ያለጥፋቱ እንደቀጣሁት ቆጠርኩና አለቀስኩ።

የሚያሳስቱ ሌሎች ነገሮች

ቋንቋ። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን በእንግሊዝኛ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች እናስገባለን። ቤት በአማርኛ የሚያድግ ልጅ መምህሩ በፍጥነት በእንግሊዝኛ ያዘዘውን ካልፈጸመ፣ ጆሮውም ትኩረቱም ምንም ላይሆን ይችላል። ልዩነቱን ለማየት ያው መመሪያ በአማርኛ ሲነገረው ምን እንደሚያደርግ መምህሩን ይጠይቁ። ምርመራ ሲደረግም በቃላት የሚሰጠው ፈተና ልጁ በደንብ በሚያውቀው ቋንቋ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አለዚያ የሚፈተነው ጆሮው ሳይሆን እንግሊዝኛው ነው።

እንቅልፍ። ልጅዎ ያንኮራፋል? አፉን ከፍቶ ይተኛል? ከአፍንጫ ጀርባ ያለው አዴኖይድ ሲያብጥ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያመጣል። እንቅልፍ ይረብሻል፤ ከጆሮ ታምቡር ጀርባም ፈሳሽ እንዲጠራቀም ያደርጋል። በቂ ያልተኛ ልጅ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው አያንቀላፋም፤ ይቅበጠበጣል። ከአንድ ምክንያት የመጣ ነገር መስማትንም ትኩረትንም አበላሽቶ ይታያል ማለት ነው።

ጭንቀት። ቤት ውስጥ ጠብ፣ የቤተሰብ ሞት፣ ትምህርት ቤት መቀየር፣ በልጆች መሳለቂያ መሆን የልጅን ቀልብ ይወስዳሉ። በቅርቡ የተጀመረ ለውጥ ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ወዴት ልሂድ?

ቅደም ተከተሉን ከያዙ ገንዘብም ጊዜም ይቆጥባሉ። መጀመሪያ የሕጻናት ሐኪም ወይም አንገት በላይ ስፔሻሊስት ዘንድ ሄደው ጆሮውን ያሳዩ፤ ኦዲዮግራምም ያሠሩ። ጆሮው ጤነኛ ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ፣ የሰማውን የማቀናበር ጉዳይ ለመስማት ባለሙያ፣ የትኩረት ጉዳይ ደግሞ ለሕጻናት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይቅረብ። ደብተርዎን፣ የኮሙኒኬሽን ቡኩን ቅጂና የልጁን የጆሮ ሕመም ታሪክ ይዘው ይሂዱ።

«የአእምሮ ሐኪም» ሲባል ብዙዎቻችን ሐሳባችን ቀጥታ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይሮጣል፤ «ሰው ምን ይለናል?» እንላለን። ባለቤቴም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር። ትኩረትን ማስመርመር ግን ዓይንን ከማስመርመር አይለይም።

ለምን መለየት ያስፈልጋል ካሉ፣ መፍትሔው ስለሚለያይ ነው። ለኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚሰጠው መድኃኒት በትክክል ለታወቀለት ልጅ ይጠቅማል፤ ከታምቡር ጀርባ ያለን ፈሳሽ ግን አያደርቅም፤ «ጥላ»ን ከ«ጠላ» አይለይም። በተቃራኒው፣ የትኩረት ችግር ያለበትን ልጅ ፊት ወንበር ላይ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃውም። በእድሜ አነስተኛ ለሆኑት ማለትም ከ6 ዓመት በታች ላሉት፣ የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች አካዳሚ ከመድኃኒት በፊት ወላጆች የልጁን ባሕርይ የሚይዙበትን ሥልጠና እንዲወስዱ ይመክራል።

በሙያዬ ምክንያት አንድ ነገር ልጨምር። «በ30 ቀን ትኩረት የሚያሻሽል» የሚሉ መተግበሪያዎች፣ ሽሮፖችና ኮርሶች በየቀኑ ስልክዎ ላይ ይመጣሉ። ማስታወቂያ እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ የሚሸጠው ተስፋ ነው። በኮምፒውተር የሚሰጡ የማዳመጥ ልምምዶች ልጁን በልምምዱ ላይ ጎበዝ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ክፍል ውስጥም ያንኑ ያህል ይለወጣል ብሎ መጠበቅ ግን ይከብዳል። ከመክፈልዎ በፊት ምርመራውን ያስቀድሙ።

ስም እስኪገኝ ምን ይደረግ?

ደስ የሚለው፣ ምርመራው እስኪያልቅ መጠበቅ የማያስፈልጋቸው ነገሮች አሉ። ለሁለቱም ዓይነት ልጅ ይጠቅማሉ፤ ማንንም አይጎዱም።

ከሌላ ክፍል ሆነው አይጣሩ፤ ይጠጉት። ክፍት ቦታ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ 6 ዲሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስሙን ይጥሩ፤ ፊትዎን እስኪያይ ይጠብቁ፤ ከዚያ ይናገሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ ይዘዙ፤ «ምን አልኩህ?» ብለው በቁጣ ሳይሆን «እስኪ ንገረኝ» ብለው ያስደግሙት። ከተነጋገሩ በኋላ የማታ ሥራዎቹን በሥዕል ግድግዳ ላይ ይለጥፉለት።

ትምህርት ቤትም ሊያግዝ ይችላል። ከበርና ከመንገድ ርቆ፣ ከመምህሩ ቀረብ ብሎ እንዲቀመጥ ይጠይቁ። የቤት ሥራው በቃል ብቻ ሳይሆን ሰሌዳ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ። አሜሪካኖች ባወጡት ደረጃ መሠረት ባዶ ክፍል ውስጥ ያለ ድምፅ ከ35 ዲሲቤል መብለጥ የለበትም፤ የመምህሩ ድምፅ ደግሞ ከጫጫታው ቢያንስ 15 ዲሲቤል ከፍ ቢል ይመከራል። ሰኔ ላይ ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲደበድብ ይህ ሕልም ነው። ግን መጋረጃ መስቀል፣ ወንበርና ጠረጴዛ እግር ሥር ጎማ ማድረግ፣ ግድግዳ ላይ ጨርቅና ወረቀት መለጠፍ የድምፅን መንባለቅ ይቀንሳሉ። ከምርመራ በኋላ ለአንዳንድ ልጆች መምህሩ አንገት ላይ ከሚደረግ ማይክሮፎን ድምፁን በቀጥታ ወደ ጆሯቸው የሚያደርስ መሣሪያ ይታዘዝላቸዋል።

ለልጄስ ምን ተባለ? የሕጻናት የአእምሮ ጤና ባለሙያዋ እኔም መምህሯም የሞላነውን ቅጽ አይታ «የኤ.ዲ.ኤች.ዲ.ን መስፈርት አያሟላም» አለች። የመስማት ባለሙያዋ ደግሞ በጸጥታና በጫጫታ ውስጥ የአማርኛ ቃላት እያስደገመች ፈተነችው። በጸጥታ ጎበዝ ነው፤ በጫጫታ ውስጥ ከዕድሜው በታች ይወርዳል። «ስም ለመለጠፍ አንቸኩል፤ አንድ መንፈቀ ዓመት ክፍሉን እናስተካክልለትና ደግመን እንየው» አለችኝ።

ያንኑ አደረግን። ትምህርት ቤቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጠው፤ መምህርቷ የቤት ሥራውን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመረች፤ ለሌሎቹም ልጆች ጠቀመ። ውጤቱ ተአምር አይደለም። አሁንም «ምን?» ይላል፤ አሁንም የቃል ጽሕፈት ይከብደዋል። ቀጠሮውም ገና አለን።

ግን ባለፈው ሳምንት፣ ያው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ያው ወጥ ቤት፣ እኔም እንደ ልማዴ ከሩቅ ጮህኩ። በሩ ላይ መጥቶ ቆመና «እማዬ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሼው ልምጣ፤ ከዚያ ድገሚልኝ» አለኝ። ቀንሶት መጣ። እኔም ምድጃውን አጥፍቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነገርኩት። ጫማውን አወለቀ፤ እጁን ታጠበ፤ የሒሳብ ደብተሩን ይዞ መጣ።

ዛሬ ማታ ልጅዎ «ምን?» ሲልዎት፣ ከመቆጣትዎ በፊት አንድ ጊዜ ጠጋ ብለው ይድገሙለት። የመስማት ምርመራውን ቀጠሮ ደግሞ ነገ ጠዋት ይያዙ።